የጉዳቱ ቀንና ሰዓት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነርስ ነኝ። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር ሰው ሀብት ሄጄ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሞላውን ቅጽ ወሰድኩ። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፤ ሞላሁ። ቀጥሎ «ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ሰዓት» ይላል። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ።

ወገቤ የተጎዳበትን ቀን ከየት ላምጣ?

እኛ ጋ የሚተኙት ብዙዎቹ በባጃጅና በሞተር አደጋ የተሰበሩ ጎረምሶች ናቸው። ጭኑ ተሰብሮ ትራክሽን ላይ ያለ (እግሩ በክብደት ተስቦ የተያዘ) ሰው ራሱን ችሎ አይነሳም። ቤድፓን (አልጋ ላይ የሚጸዳዱበትን ዕቃ) ለማስገባት ከዳሌው ይነሳል። አከርካሪው የተጎዳው ደግሞ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። ማታ ሁለት ነርሶች ለ30 ታካሚ ነን። አንዷ መድኃኒት ስትሰጥ ሌላዋ ብቻዋን ታነሳለች። አስታማሚ ካለ ያግዛል፣ እግዜር ይስጣቸው።

አሜሪካ ያሉ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች በሽተኛ በእጅ ሲነሳ በአንድ ሰው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከ16 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ከአንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ያንሳል ማለት ነው። ሳነበው ሳቄ መጣ። እስከ ጭኑ ጄሶ የታሰረ የጎልማሳ እግር ብቻውን ይህን ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን አልጋው ነው። አልጋዎቻችን ሲመጡ ከግርጌያቸው ማዞሪያ ነበራቸው። ሲዞር አልጋው ከፍ ይላል፣ ነርሷ አትጎነበስም። አሁን ግማሾቹ ማዞሪያቸው የለም፤ የቀሩት ዝገው ተጣብቀዋል። ስለዚህ ጎንበስ ብለን፣ ወገባችንን ጠምዘዝ አድርገን እናነሳለን። ተማሪ ሳለን «ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ» ይሉን ነበር። ምክሩ ጥሩ ነው። ሁለት አልጋ ተጠጋግቶ በተቀመጠበት ግን ጉልበት የሚታጠፍበት ቦታ የለም።

መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ወጌሻ ጋ ወስዳ አሳሸችኝ። ሥራ ቦታ ሲብስብኝ ጓደኞቼ የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ይወጉኛል፣ ተመልሼ በሽተኛዬን አነሳለሁ። ሕመሙ ወደ ግራ እግሬ መውረድ ሲጀምር ኤምአርአይ ተነሳሁ። የዲስክ መንሸራተት ተባለ። ዛሬ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቡና ማፍላት አልችልም፤ ቆሜ ነው የማፈላው። እንግዳ ይስቃል።

ሐኪሙ ቀላል ሥራ ይሰጣት ብሎ ጻፈልኝ። ሜትሮናችን (የነርሶች ኃላፊዋ) ወረቀቱን አንብበው «ቀላል ሥራ የት አለና?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸውም የወገብ ቀበቶ አስረው ነው የሚሠሩት። የሰው ሀብቱ ልጅ ደግሞ «ወደቅሽ እንዴ? ማን አየሽ?» አለኝ። ቀን ካልተጻፈ ቅጹን አይቀበልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአደጋ ሌላ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም እንደ ሥራ ጉዳት ያያል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምንተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው፤ ወገባችን ግን ያው ወገብ ነው።

በሽተኛ የሚያነሳ ማሽን ይገዛልን አልልም። ቅጹ ላይ «ሕመሙ የጀመረበት ጊዜና የሚሠራው ሥራ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። አልጋዎቹም ይጠገኑ። ሰፈሬ ያለ ብየዳ ሠራተኛ የማዞሪያውን ፎቶ ስልኬ ላይ አይቶ «ይሄማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብሎኛል። በነፃ ሊሠራልን ፈቃደኛ ነው፤ እግሩ በተሰበረ ጊዜ እኛ ክፍል ተኝቶ ነበር። ንብረት ክፍል ግን የመንግሥት ንብረት የውጭ ሰው አይነካውም አለ። ደብዳቤ ጻፉ ተባልን፣ ጻፍን። ይኸው ሦስተኛ ወሩን ያዘ።

አንዲት የአጥንት ክፍል ነርስ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ)