አገሬ ገብቻለሁ፤ ያስገባችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ነው። ከሊባኖስ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። እስካሁን ዝም ያልኩት ውለታችሁን ረስቼ አይደለም። የጠበቀኝ ለቅሶ ብዙ ነበር። እኔ በሌለሁበት አባቴ አርፏል፣ አክስቶቼ አርፈዋል፣ ከጎረቤትም ያለፉት ብዙ ናቸው። ቤት ለቤት ዞሬ እርሜን ሳላወጣ ለምስጋና መቀመጥ ልቤ አልፈቀደልኝም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አብዛኞቻችሁን ግን በስማችሁ መጥራት አልችልም። ዛሬም እዚያው ቤይሩት ናችሁ። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የላችሁም፣ ፓስፖርታችሁ በአሠሪ እጅ ቀርቷል። ስማችሁን ባወጣ ጣጣው የሚተርፈው ለእናንተ ነው። ስለዚህ ባደረጋችሁልኝ ነገር እጠራችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ አንቺ፣ ሦስተኛ ፎቅ የነበርሽው የወልዲያ ልጅ። እኔ ከአንቺ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ማዳም፣ አሠሪዬ፣ ስትወጣ በሩን ትቆልፍብኝ ነበር። ስልክ መያዝ አልተፈቀደልኝም። ቤይሩትን የማያውቅ አንባቢ እንዲገባው ልንገር፦ እዚያ ሰፈር ዕቃ የሚገዛው ከበረንዳ ነው። ቅርጫት በገመድ ታወርጂያለሽ፣ ባለሱቁ ዳቦና ሽንኩርቱን ይከትበታል፣ ትስቢያለሽ። የእኔ ቅርጫት በአንቺ በረንዳ በኩል ሲያልፍ እጅሽን ሰደድ ታደርጊና ከዳቦው ሥር ትንሿን ኖኪያ ትሸጉጪልኝ ነበር። በካልሲ ጠቅልለሽ፣ እንዳትንኳኳ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ሽንት ቤት ገብቼ ለእናቴ እደውላለሁ። ጠዋት ባዶው ቅርጫት ሲወርድ ስልኩ ወደ አንቺ ይመለሳል። ካርዱን የምትሞዪው ከራስሽ ደሞዝ ነው። ማዳምሽ ብትደርስብሽ ምን እንደሚጠብቅሽ ሁለታችንም እናውቃለን። እናቴ ሞታለች ብላ ተዝካሬን ልታወጣ ደርሳ ነበር። በሕይወት መኖሬን ያወቀችው በዚያች ስልክ ነው። እሷም እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ ብላለች።

ለምን አልወጣሽም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ካፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ የሚታሰረው ከአንድ አሠሪ ጋር ነው። ከዚያ ቤት ከወጣች ሕገወጥ ትባላለች። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አያካትትም። በሩ ቢከፈትም መሄጃው ጨለማ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ወደቡ ፈነዳ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር አሉ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የማዳም ቤት ከወደቡ ከፍ ብሎ ጌይታዊ ሰፈር ነው። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። የመስኮቱ መስታወት ሙሉውን ላዬ ላይ መጣ፤ ክንዴና ጀርባዬ ተተለተለ።

አሞ (አጎቴ ማለት ነው)፣ እርስዎ አማርኛ አያነቡም። የሚያነብልዎት የእኛ ልጅ እንደማይጠፋ ግን አውቃለሁ። የሕንፃው ዘበኛ ነበሩ፣ ከሱዳን የመጡ፣ እንደኔው ሰው ቤት የሚያድሩ። ሊፍቱ ቆሟል፣ መብራት የለም፣ ደረጃው እስከ ታች መስታወት ፈሶበታል። የቤቱ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሮጠዋል። በዚያ ሰዓት ሰው ልጁን ነው የሚያየው፣ በዚህ አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን እኔ እዚያ መቅረቴን አስታውሰው ተመልሰው ወጡ። መጋረጃ ቀደው ክንዴን አሰሩልኝ። አዝለው አራት ፎቅ አወረዱኝ። መጀመሪያ የደረስንበት ሆስፒታል ራሱ ፈርሶ በሽተኛ እያወጣ ነበር። አንድ ልጅ በሞተር ሲያልፍ አስቁመው ሌላ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ እስክሰፋም ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጫማ እንዳላደረጉ ያየሁት ያኔ ነው። እግርዎ በደም ተለውሷል። አንዴም ስለ እግርዎ አላነሱም። አሞ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ልጆችዎ ክፉ አይንካቸው።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰዎች ወደ ተራራው ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ዶላር የለም፣ ያጠራቀምሽው ደሞዝም የለም ተባልኩ። ያ ዓመት ብዙ እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው ደጅ የተጣሉበት ዓመት ነው። 1,500 ሊራ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ ውሎ አድሮ ወደ 90,000 ሊራ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ሩዝና ዘይት፣ ለሴት የሚያስፈልገውን ነገር ሳይቀር ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ የነበሩትን የእኛ ለእኛ በስደት ልጆች ሳላመሰግን አላልፍም። ማኅበሩን የመሠረተችው ባንቺ ይመር ራሷ ሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የኖረች ናት። የሚያስፈልገንን ሳንነግራቸው የሚያውቁት ለዚህ ይመስለኛል።

የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ዳሂዬ ያላችሁ፣ በአንዲት ክፍል አብረን የኖርን እህቶቼ፣ ለእናንተ ምን ብዬ ልጻፍ? እኔ ገና ቁስሌ ሳይደርቅ ነው ያስገባችሁኝ። ቦታ የለም አላላችሁም፤ ፍራሹን ወደ ጎን አዙራችሁ በአግድም ተኛን። እጄ እስኪድን ኪራይ አልጠየቃችሁኝም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ደርሶ ስልክ ሲጠፋ፣ የእናቴን ወሬ ለማግኘት ያልደወላችሁበት ሰው አልነበረም። ጂዳ ያለች የአንዷ ዘመድ፣ አዲስ አበባ ያለ የሌላዋ ወንድም፣ ሁሉንም ሞከራችሁ። የራሳችሁም እናቶች እዚያው ጦርነት ውስጥ እያሉ ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤልና የሂዝቦላ ጦርነት ራሳችን ላይ መጣ። የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ ቡና አፍልተን አደይ የለም እንጂ በዓል ነው እያልን ነበር። አመሻሽ ላይ ዳሂዬ ተደበደበች። ሌሊቱን ሰፈሩ ባዶ ሆነ። የያዝነው የሁላችንንም ወረቀት በጋራ የምናስቀምጥባትን ፌስታልና የምንችለውን ልብስ ብቻ ነው። ባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ አደርን። መጠለያዎቹ ለአገሬው ሰው ናቸው ተብለን ተመለስን።

የአሽራፊዬው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተክርስቲያንና እዚያ የምትሠሩ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት ሰዎች፣ በሩን ስትከፍቱልን ከየት አገር ናችሁ አላላችሁም። ሱዳናዊውም፣ ባንግላዴሻዊውም፣ እኛም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተኛን። ከእኛ መካከል ሙስሊም የሆኑት እህቶች የሚሰግዱበት ጥግ ለይታችሁ ምንጣፍ አነጠፋችሁላቸው። ይህን አይቻለሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ እናገራለሁ።

ተኩሱ ኅዳር 18 ሲቆም አገሬ ልግባ አልኩ። አገር መግባት ግን በመፈለግ ብቻ አይሆንም። ከማዳም ቤት ስወጣ ሰርቃ ጠፋች ተብሎ ክስ ተከፍቶብኝ ኖሯል። ይህ በብዙ እህቶቻችን ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ክሱ ካልተዘጋ የይለፍ ወረቀት ቢኖርሽም አትወጪም። አንዲት ሊባኖሳዊት ጠበቃ ፋይሌን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተችልኝ። አምስት ሳንቲም አልተቀበለችኝም። ክሱ የተዘጋ ዕለት በስልክ ስትነግረኝ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታለቅሰው። ሹክረን፣ አመሰግናለሁ፣ የኔ እመቤት። ሊባኖስ ሲነሳ አንቺን ነው የማስበው።

ያለ ፈቃድ የኖርኩበት ቅጣትና የአውሮፕላን ቲኬቱ ክፍያ ግን ገና ቀርቶኝ ነበር። የደሴዋ ልጅ፣ በዚያ ወር የእሁዱ እቁብ የወጣው ለአንቺ ነበር። ስንት ጊዜ ስትጠብቂው የኖርሽው እቁብ ነው። ወንድምሽ ባጃጅ እንዲገዛበት አስበሽ እንደነበርም አውቃለሁ። እስከ ዶራ ሰፈር በእግርሽ መጥተሽ ፖስታውን እንዳለ እጄ ላይ አስቀመጥሽ። "ባጃጁ ይቆያል፣ እናትሽ ግን አርጅታለች" አልሽኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርሽም። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሻንጣዬን ሞላችሁት፦ ሻምፖ፣ የልጅ ጫማ፣ ለእናቴ ነጠላ ጫማ፣ ቸኮሌት። ባዶ እጇን ገባች እንዳልባል ማለታችሁ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት። አረብ አገር የኖረች ሴት ስትመለስ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሻንጣዋ ላይ ነው። ቤት ሠራሽ ወይ? ወርቁስ? ይህን ጥያቄ ፈርተው አዲስ አበባ የቀሩ ስንት እህቶች አሉ። የሐይቅ ጎረቤቶቼ፣ እናንተ ግን አንዳችሁም ምን ይዘሽ መጣሽ አላላችሁኝም። ጤፍ ይዛችሁ መጣችሁ፣ ሽሮ ይዛችሁ መጣችሁ። ጎረቤታችን ሸህ ቡናው ላይ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉልኝ። ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያዩት ሴቶች ዝም ብለው ቅቤ ቀቡልኝ። ሌሊት እየባነንኩ ስጮህ አጥር ዘላችሁ የመጣችሁት፣ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆናችሁ ቡና ጠራችሁኝ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያጽናናኝ ይህ ነው።

የሰፈሩ እቁብ እናቶች የመጀመሪያውን ዕጣ ያለ ዕጣ ለእኔ ሰጣችሁኝ። በእሱ የኤሌክትሪክ ምጣድና ዱቄት ገዛሁ። ዛሬ ሐይቁ ዳር ላሉ ዓሣ ቤቶች እንጀራ አቀርባለሁ። ሥራው እየሄደልኝ ነው።

ታናሼ፣ አንቺን ማመስገን ከሁሉም ይከብደኛል። ልጄን ትቻት ስሄድ ድክ ድክ የምትል ነበረች። አንቺ ትዳርሽን አዘግይተሽ አሳደግሽልኝ። ደላላው ቤት ድረስ መጥቶ ሲያባብልሽ ይህችን ልጅ ለማን ጥዬ ብለሽ መለስሽው። ልጄ "እማ" የምትለው አንቺን ነው፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ይህ አያስከፋኝም። ማን ሲያበላት፣ ማን ሲያለብሳት እንደኖረ ታውቃለች ማለት ነው። ስታድግም በዚሁ ትጥራሽ።

የደሴዋ እህቴ፣ የእቁቡን ገንዘብ ለእናትሽ በየወሩ ማድረስ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ራሴ ደሴ ወስጄ በእጃቸው ሰጥቻለሁ፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ትንሽ ያማቸዋል። አልቀበልም እንዳትዪ። ሌሎቻችሁም ለቤተሰብ የምታደርሱት መልእክት ካለ ላኩልኝ፤ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ያለውን እኔ አደርሳለሁ። ክስ ያለባችሁ ደግሞ ጠበቃዋ ሌላም ሰው እንደምትረዳ ነግራኛለች፣ አገናኛችኋለሁ። ማታ ማታ ኢሞ ላይ አለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሌሊት ስለምጋግር ቶሎ ላላነሳ እችላለሁ፤ ደጋግማችሁ ደውሉ።