የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ መሣሪያው የት ያድራል?

ጥቅምት ላይ 38 ልጆች ተመዘገቡ፤ ጥር ሲገባ 15 ቀሩ። ለዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስጽፍ «በፍላጎት መቀነስ ምክንያት» ብዬ አልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን መዝገቡን ይዤ ያቋረጡትን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ከሁለት ልጆች በቀር ፍላጎቱ የቀነሰ የለም። ከቀሩት አንዱ ቅዳሜ ጠዋት የእናቱን የጉሊት ዕቃ ተሸክሞ ያደርሳል፣ ሌላዋ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ሰፈሩ ሩቅ የሆነ ልጅም አለ፤ አምስቱን ቀን በእግሩ እየመጣ፣ ለስድስተኛው አቅም አጥቷል። ልምምዱን ቅዳሜ ያደረግሁት ደግሞ ለእኔ ስለሚመች ነበር።

የባሰው ጥፋቴ የኅዳሩ ነው። ለክፍለ ከተማው ውድድር የባህል ልብስ እንድንከራይ በነፍስ ወከፍ 150 ብር አዋጡ አልኳቸው። በማግሥቱ ከዘፋኞቻችን ሁሉ የምትበልጠው የ10ኛ ክፍል ልጅ መምህራን ማረፊያው በር ላይ ጠበቀችኝ። የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች፣ «ቲቸር፣ ድምፄ ተዘጋብኝ፤ ሌላ ሰው ይተኩ» አለች። ይህን ያለችው ጥርት ባለ ድምፅ ነው። «ብርድ ይሆናል፤ ዝንጅብል በማር ጠጪ» ብዬ ሸኘኋት። ነገሩ የገባኝ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ሰልፍ ላይ መዝሙር ስትዘምር ስሰማት ነው። ማሩን ከየት ታመጣዋለች ብዬም አላሰብኩ!

በውድድሩ ሦስተኛ ወጣን። አንደኞቹ በደንብ ተጫውተዋል፤ አላጣጥልም። ግን ሁሉም የየራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ነው የመጡት፤ ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ያላቸውም ነበሩ። የእኛዎቹ አንዲት ክራር ይቀባበላሉ፤ ተረኛው ከትዝታ ወደ ባቲ እስኪቃኛት ድረስ አዳራሹ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። ከዳኞቹ አንዱ «ተሰጥኦ አላቸው፤ የሚጎድላቸው ልምምድ ነው» አሉን። ልምምድ ማለት እኮ መሣሪያው ቤት ማደሩ ነው።

ከጥር ጀምሮ መዋጮ ቀረ፤ ልምምዱም ወደ ማክሰኞና ሐሙስ የምሳ ሰዓት ዞረ። ልጆቹ ራሳቸው ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሁለት ክራር ሠሩ። ድምፃቸው ትንሽ ይሻክራል፤ ቅኝት ግን ይይዛሉ። እነዚህን እየፈረሙ ቤት ይወስዳሉ። አንዱ «በግ ረገጠው» ተብሎ ሁለት ክሩ ተበጥሶ መጣ፤ ለፋሲካ የተገዛው በግ መሆኑን አጣርቻለሁ። ግንቦት ላይ 29 ሆንን።

በዚሁ ሰሞን የአንዷ አባት መጡ። «ልጄን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው?» አሉኝ። ስለ ጥበብ ክብር ላስረዳ ስጀምር አቋረጡኝ፦ «የባለጸጋ ልጅ ቢዘፍን ተዝናና ይባላል። የእኔዋ ብትዘፍን ምን ትበላለች?» መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸውን ለክበቡ አቀረብኩት፦ ስመ ጥሮቹ ሲጀምሩ ምን ይበሉ ነበር?

ልጆቹ ጠይቀውና አንብበው መጡ። አንዱ ቡድን ማሕሙድ አሕመድን ያዘ፤ ሊስትሮ ነበር፣ ከዚያ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ። አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር እሱ ዘፈነ፣ ኋላም የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር በሆነው በክቡር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ገባ። ሌላው ቡድን ሙላቱ አስታጥቄን ይዞ ቀረበ፤ ቤተሰቡ ምሕንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ላከው፣ እሱ ግን ወደ ሙዚቃ ዞሮ ለንደንና ቦስተን ተማረ። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው። ሙላቱን ያሳለፈው ቤተሰቡ ነው፣ ማሕሙድን የመንግሥት ባንድ። ሦስተኛው ቡድን ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አነሣ፤ ያለ እናት አባት የቀሩ ልጆች የቤተ መንግሥት ባንድ ሆኑ፤ የሚያበላና የሚያስተምር ስለተገኘ።

አንዱ እጁን አወጣና፣ «እንግዲያው ቲቸር፣ ወታደር ልሁን?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቀልድ ሆኖ አልታየኝም፤ የፖሊስና የመከላከያ ኦርኬስትራዎች ዛሬም አሉ፣ ደመወዝም አላቸው። አድራሻቸውን ጽፌ ሰጠሁት። አባትየውንም በድጋሚ አግኝቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እሱስ ሥራ ነው» አሉ፤ ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እንድትመጣ ፈቀዱ።

ከ12ኛ ክፍል ሁለቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት እየተዘጋጁ ነው። ያቺ ድምፄ ተዘጋ ያለችኝ ልጅ በመዝጊያው በዓል ላይ አምባሰል ዘፈነች፣ በዩኒፎርሟ።

በቁም ሳጥናችን ያለው ንብረት፦ ሦስት ክራር፣ ጭራ የሌለው አንድ ማሲንቆ፣ አዳፕተሩ የተቃጠለ አንድ ኪቦርድ። 12 ቮልት አዳፕተር ቤቱ የተቀመጠ ወላጅ ካለ በልጁ ይላክልን።