የረዳው ታሰረ፣ የቀረጸው ቤቱ ገባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ እየበለትኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ሰኞ አጠገቤ የሚሠሩ ሁለት ልጆች በአንድ ቅርጫት ቆሮሶ ዓሣ ሒሳብ ተጣሉ። የተለመደ ስድብ ነው ብለን ስንስቅ አንደኛው በያዘው ቢላዋ የጓደኛውን ክንድ ሸረከተው። ሮጥን፤ እኔም ሮጫለሁ፣ አልዋሽም። ከሸሸነው ግማሹ ስልክ አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። ዘሎ የገባው አንድ ታንኳ ቀዛፊ ብቻ ነው፤ በመቅዘፊያው የአጥቂውን እጅ መትቶ ቢላዋውን አስጣለው። ያኔ ተመልሼ ቁስሉን በነጠላዬ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። የመጀመሪያው ባጃጅ «ወንበሬ ደም ይነካል» ብሎን አለፈ።

ፖሊስ ሲደርስ ቀዛፊውን ሸሚዙ ላይ ደም አይቶ አብሮ ወሰደው። የተለቀቀው ማታ ነው፣ የቀኑ ገቢ ቀርቶበት። ቀራጮቹን የጠየቀ የለም፤ ማስረጃው ግን እነሱ ኪስ ውስጥ ነበር።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 መርዳት እየቻለ ያልረዳን ይቀጣል (ለባለባጃጁ ማን በነገረው!)። የረዳውንስ እዚያው ቃሉን ተቀብሎ፣ ስልክ ቁጥሩን መዝግቦ ማሰናበት ምን ይከብዳል? ትናንት ቀዛፊውን «ደግመህ ትገባለህ?» አልኩት። መረቡን እየፈታ ዝም አለኝ።

አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ ከባሕር ዳር