ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ፓውደሩና ስለ ኩሉ

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

እናትሽ ነገ በጠዋቱ መኪና ከደብረ ብርሃን ትነሳለች። ዘንቢሉን ሳስር ከቅቤውና ከገንፎው ዱቄት ስር የሕፃን ፓውደርና በብልቃጥ ኩል አገኘሁ። ሁለቱንም አስቀረኋቸው። እሷም አኮረፈች።

ዕድሜዬን ወፍጮ ቤት ጨርሻለሁ፤ ብናኝ ምን እንደሚያደርግ ሳሌን ጠይቂው። ፓውደር ሽታው ደስ ይላል። ግን ብዙው ታልክ የሚባል ድንጋይ ተፈጭቶ የላመ ነው። ሲነሰንሱት ይቦንና ሕፃኑ ይስበዋል፤ ሳንባው ውስጥ ከገባ ትንፋሽ ያሳጥራል። ደግሞ ታልክ በሚቆፈርበት መሬት አስቤስቶስ የሚባል ሌላ ማዕድን ሊኖር ይችላል። እሱ ካንሰር ያመጣል። የሕፃን ፓውደር አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ዕቃዬ ንጹህ ነው ቢልም፣ የታልክ ፓውደሩን በፈረንጆቹ 2020 ከአሜሪካና ከካናዳ፣ በ2023 ደግሞ ከመላው ዓለም ገበያ አውጥቶ በበቆሎ ስታርች ተክቶታል። ለእኔ የበቆሎውም ያው ብናኝ ነው።

እናትሽ «እሷን በፓውደር አይደል ያሳደግናት? ምን ሆነች?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ያኔ አንቺም እኔም ከወፍጮ ቤት የወጣን ነበር የምንመስለው። አላወቅንም ነበር።

የኩሉ ግን ይብሳል። ብዙ ኩል የሚፈጨው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው፤ የጽሕፈቱን ሳይሆን ብረቱን እርሳስ ማለቴ ነው። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ እጁን አፉ ይከታል። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም ይላል። ለዓይነ ጥላም ሆነ ለቁንጅና፣ እምቢ በይ።

ከመሬት የወጣ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ነጩ ቅባት፣ ቂጡ ሲቀላ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ተቀምጦ እርጥበቱን ይከለክላል። ቫዝሊንም ከነዳጅ ቢወጣ በደንብ የተጣራ ነው፤ ለዚህ አገር ብርድ እሱን የሚያህል የለም።

ለክርስትናው ስትመጡ ታዲያ ብርዱ አያታልልሽ፤ የደጋ ፀሐይ ትለበልባለች። ስድስት ወር ሳይሞላው የፀሐይ ክሬም አትቀቢው። ጥላና ነጠላ ይበቃዋል።

እናትሽ ዛሬ ከሰዓት ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጥታ ነበር። ሌላ ብልቃጥ በመቀነቷ ሳትቋጥር አልቀረችም። ስትደርስ እያሳቅሽ ፈትሻት።

አባትሽ