እጠቡልኝ አልኩ እንጂ ቀይሩልኝ አላልኩም

ለጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳልፈቅድ ስለተቀየረብኝ የቮልስዋገን ካርቡሬተር

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ከሚገኘው ግቢያችን ነው። አራት ጊዜ ደውያለሁ። ሁለቴ «መልሰን እንደውላለን» ተባልኩ፣ አንዴ እያወራሁ ስልኩ ተቋረጠ፣ በአራተኛው ያነሳው ልጅ ደግሞ «አዲስ እኮ ነው የላክንልዎ፣ ምን ጎደለብዎት?» አለኝ። ልጁን አልቀየምኩትም፣ የታዘዘውን ነው የሚናገረው። ግን ጥያቄው መልስ ይፈልጋል፣ መልሱም በስልክ አያልቅም። እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ጥር ላይ አንድ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ) ላክሁላችሁ። ሥሪቱ ሶሌክስ ነው፣ ዓይነቱ 28 ፒክት፣ በፈረንጆች 1965 ሞዴል ከሆነች ቮልስ ላይ የወረደ። አብሮት በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ነበር። «ይታጠብ። ጋርኒሲዮኖቹ (ማሸጊያዎቹ) ይቀየሩ። ዘንጉ ተበልቶ አየር ስለሚያስገባ ቡሽ (የዘንግ መያዣ ቀለበት) ይግባለት። ሌላው እንዳይነካ።» ከዚህ በላይ እንዴት ይገለጻል? ወረቀቱን ከመላኬ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የተስማማነው በ4,500 ብር ነበር። ሚያዝያ ላይ ስትደውሉ ግን 19,000 ሆነ። ምን ተሠርቶ ነው ብዬ ስጠይቅ «ሙሉ ሥራ ነው» ተባልኩ። እኔ ሙሉ ሥራ ሲባል ቡሹም፣ ጋርኒሲዮኑም፣ እጥበቱም አንድ ሳይቀር በደንብ ተሠርቷል ማለት መሰለኝ። ዕቃዬ እናንተ እጅ ነው፣ ክርክር ብገባ ይዘገያል ብዬ ፈራሁና በዚያው ቀን ገንዘቡን አስገባሁ።

ለመዘግየቱ አልወቅሳችሁም። መንገዱ የተዘጋባቸውን ሳምንታት እኛም እዚህ ሆነን ቆጥረናቸዋል። ከእናንተ እስከ እኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት፣ ሾፌሮቹም ቢሆኑ ነፍሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ሦስት ወር ጠበቅኩ፣ አንድ ቀን አላማረርኩም።

ካርቶኑ የደረሰ ቀን እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። የሚያብለጨልጭ ነገር ወጣ፣ የፋብሪካ ዘይቱ እንኳን ገና ያልተጠረገ። ገለበጥኩት። ግርጌው ለስላሳ ነው። አዙሬ በሌላው ጎን አየሁት። ለስላሳ ነው። እማዬ ከረከቦቱ ቀና ብላ «ነጥቦቹስ?» አለችኝ።

ስለ ነጥቦቹ ልንገራችሁ፣ የቅሬታዬ ሥር እዚያ ነው።

አባቴ እዚህ ፖሊ ነበር የሚያስተምረው፣ በ1955 ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነት በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ። ቴክኒካል ድሮዊንግ ነው ያስተማረው። የወርክሾፕ ዕቃ ሁሉ የባለቤቱ ምልክት ሊኖረው ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ መዶሻው፣ ካቻቢቴው፣ ክሪኩ፣ ሁሉም ላይ በሹል ብረት የተመቱ ሦስት ነጥቦች አሉ፣ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ የሽምብራ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ። ካርቡሬተሩም ግርጌው ላይ አለው። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል አውርዶ በቤንዚን ያጥበው ነበር፣ እኔም ብሎኖቹን በስኒ ማስቀመጫ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። አንዷ ብሎን ከወደቀች እራት አይበላም፣ እስክትገኝ ነው። ለባሕር ዳር አየር ብሎ የነሐሷን የቤንዚን ማሳለፊያ ራሱ መርጦ ነው ያስገባት። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚፈልገው ቤንዚንም ያንሳል። እና ያ ካርቡሬተር የሌላ ሰው መኪና ላይ ተራ አሮጌ ብረት ሊሆን ይችላል። እዚህች መኪና ላይ ግን የአባቴ እጅ ነው።

መኪናዋ የቆመችው በ1989 ነው፣ አባቴ ሲታመም። በ1991 አረፈ። ከዚያ ወዲህ የነካት የለም። ጥጉ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ እንደቆመች 28 ዓመት ሞላት። የጣና እርጥበት ደግሞ ለብረት አይራራም። ባለፈው መስከረም በሩን ስከፍት አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ ተለጥፈው ነበር። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ላሜራ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል። ሞተሩ ላይ አይጥ ጎጆ ሠርታለች፣ የወንበሩን ጭድ የመሰለ ሙሌት ስባ ወስዳ። እማዬ አይታ አለቀሰች። እኔ እንኳን ላለቅስ ጊዜ አላገኘሁም፣ በሚቀጥለው ቀን ጀመርኩ።

ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ነበር። አራቱን ካንዴላዎች አውጥቼ በየቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ደባልቄ ጨመርኩና ተውኩት። በየማታው ከሥራ ስመለስ 30 ቁጥር ቁልፍ ፑሌጂያው (የሞተሩ መዘውር) ላይ አስገብቼ በቀስታ እሞክራለሁ። በጉልበት ከሆነ የፒስቶኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ይሰበራል፣ ስለዚህ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። በ12ኛው ቀን ማታ ቁልፉ እጄ ላይ አንዲት ጣት ያህል እሺ አለ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ባትሪ እያየሁ ነው። መልሼ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ... ሙሉ ዙር ስትዞር ከውስጥ የወጣው የዘይት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በሰፈራችን ባጃጅ የሚጠግን አንድ ወጣት አለ፣ እሱ በትርፍ ሰዓቱ እየመጣ ፍሬኑን አብሮኝ ፈታ። ሰልባትዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) አውርደን ጠጠርና አቼቶ ከተን ዝገቱን እስኪለቅ አንቀጠቀጥነው። ላሜራው ተቆርጦ በአዲስ ተበየደ። ይህ ሁሉ አራት ወር ፈጀ። የቀረን ካርቡሬተሩ ብቻ ነበር። ለዘንጉ ቡሽ ለማስገባት እዚህ የማምነው እጅ ስላጣሁ ነው ወደ እናንተ የላክሁት፣ ሥራችሁ ጥሩ ነው ብለው ሰዎች ነግረውኛል።

አሁን ወደ ላካችሁልኝ ዕቃ ልምጣ። ምናልባት በስሜት ነው የሚናገረው ትሉ ይሆናል፣ ስለዚህ ስሜቱን ትቼ በብረቱ እንነጋገር።

የዚህች መኪና ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው። ፋብሪካው ወደ 12 የዞረው በፈረንጆች ከ1967 አካባቢ ጀምሮ ነው፣ ይህንን ከእኔ ይልቅ እናንተ ማወቅ አለባችሁ። የላካችሁት ካርቡሬተር ያለበት ካርቶን ላይ ደግሞ 12 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ቁም ነገሩ ያለው ሾኩ ላይ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከላይ ያለችው ክዳን ትዘጋና አየሩን ትቀንሳለች። ከጎን ያለው ጥምዝ ብረት በኤሌክትሪክ ሲሞቅ እየተፈታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክዳኗን ይከፍታታል። ለ12 ቮልት የተሠራውን ማሞቂያ 6 ቮልት ላይ ብታስገቡት ሙቀቱ ግማሽ አይደለም የሚሆነው፣ ሩብ ነው። ስለዚህ ክዳኗ በጊዜዋ አትከፈትም። ሞተሩ ሞቆ እንኳን ቤንዚን እየጠጣ ይታፈናል።

የሆነውም ይኸው ነው። ተነሣች፣ አዎ። ያቺን ቀን አልክድም፣ እማዬ እልል ብላለች፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። ከ28 ዓመት በኋላ የዚያችን መኪና ድምፅ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ትንተባተባለች፣ ትጠፋለች። ካንዴላዎቹን ሳወጣ አራቱም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። የዘይት መለኪያውን ስቤ አሸተትኩት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ይህ ማለት ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። 12 ቀን ለምኜ ያስለቀቅኩትን ፒስቶን ያለ ዘይት ላስፈጨው? ወዲያው አጠፋሁት። 2 ሊትር ተኩል አዲስ ዘይቱን ደፍቼ ሌላ ገዝቼ ሞላሁ። ስንት ሰዓት ተሰልፌ ያገኘሁት ቤንዚንም ጭስ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ቆማለች።

ልጁ በስልክ «ያ እኮ መመረት ያቆመ ዕቃ ነው፣ ማን ይፈልገዋል» አለኝ። እሺ፣ እኔም ይህንኑ ነው የምላችሁ። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ካመረተ በኋላ የመጨረሻዋን ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጆች 2003 አውጥቶ ምርቱን ዘግቷል። ከዚህ በኋላ አይወለድም። የድሮው ካርቡሬተር ቡሽ ገብቶለት ቢታጠብ ሌላ 30 ዓመት ይሠራል። አሁን በገበያ ያለው አስመስሎ የተሠራ ነው፣ አንዳንዱ ደህና ነው፣ አንዳንዱ ገና ሳይገጠም ይፈሳል። እናንተ በዚህ ሙያ የምትኖሩ ሰዎች አሮጌውን መናቃችሁ ነው የገረመኝ።

ከሁሉም ግን እንቅልፍ የነሣኝ ሳትጠይቁኝ መቀየራችሁ ነው። ስልኬ ወረቀቱ ላይ በጉልህ ተጽፎ ነበር። «ዘንጉ አይሆንም፣ ቡሹ አይይዝም፣ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ብትደውሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔ «እንዳለ መልሱልኝ» እላችሁ ነበር፣ ድካማችሁንም እከፍል ነበር። ሰው ዕቃውን ለጥገና ሲሰጥ አደራ ነው የሚሰጠው። አደራ ደግሞ በተሻለም ቢሆን አይለወጥም። ሠርግ ላይ ሊለብሰው ለልብስ ሰፊ የሰጠውን የአባቱን ካባ ሰፊው ጥሎ በአዲስ ቢተካለት «አዲስ እኮ ነው» ብሎ የሚያመሰግን ሰው አለ?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ካርቡሬተሬን ፈልጉልኝ። ጥላችሁት ከሆነ የት እንደተጣለ፣ ሸጣችሁት ከሆነ ለማን እንደተሸጠ ንገሩኝ፣ እኔ ራሴ ሄጄ ለምኜ መልሼ እገዛዋለሁ። ምናልባት ከሌሎች አሮጌ ዕቃዎች ጋር ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፣ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ምንም ነገር ቶሎ አይጣልምና ተስፋ አልቆረጥኩም። ቡሽ ባይገባለትም ግድ የለኝም፣ ቆሻሻውን እንኳን አትጥረጉት፣ እንዳለ ላኩልኝ። የላካችሁትን አዲሱን ከነካርቶኑ በራሴ ወጪ እመልሳለሁ። ከ19,000 ብር ውስጥ ለተሠራ ሥራ የሚገባ ካለ ዘርዝራችሁ ቀንሱ፣ ቀሪውን መልሱ። ለዘይቱና ለቤንዚኑ አልጠይቃችሁም። ካርቡሬተሩ ከተገኘ እሱም ይቅር።

እስከ ሰኔ 30 መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካላችሁ ግን ደረሰኙን፣ የወረቀቱን ፎቶና የሁለቱን ካርቡሬተሮች ፎቶ ይዤ አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ እናንተ ዘንድ፣ ከዚያ ንግድ ቢሮ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። የምሄድበትን መንገድ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ሳጥኑን ስታገላብጡ ብዙ ተመሳሳይ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ የድሮ ሶሌክስ ሁሉ ይመሳሰላል። ላዩን አትዩት፣ ገልብጡት። ዝገት ቢሸፍነው በአውራ ጣታችሁ አሸት አድርጉት። ሦስት ነጥቦች ካሉት የእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቮልሷ ባለቤት
ባሕር ዳር