ስለ አባባ ባልጩት

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስድስት ዓመት ጠፍቶ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፈው ምን ነክቶት ነው እንደምትል አውቃለሁ። ልደውልልህ አስቤ ቁጥርህን አውጥቼ ነበር። መልሼ ተውኩት። ስልክ ላይ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠን እንደምንዘጋው ገባኝ።

ነገሩ የመጣው ከእድራችን ነው። የፉሪውን እድር ታስታውሳለህ፤ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ያ ቆርቆሮ ቤት አሁን ደህና የብሎኬት አዳራሽ ሆኗል። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። «ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የምንሰበሰበው?» ብለው ተነሱና በወር አንድ እሁድ ከሰዓት ስለ አርኪዮሎጂ ንግግር ይደረግ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰው ነበርን። ሦስቱ የእድር ስብሰባ መስሏቸው፣ ቅጣት ፈርተው የመጡ ናቸው። ባለፈው እሁድ ግን ወንበር አልበቃ ብሎ የለቅሶ አግዳሚው ሁሉ ወጣ።

ርዕሱ መልካ ቁንጡሬ ነበር፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ተቆፍሮ የሚወጣበት ቦታ። ቡታጅራ ስንወርድ አዋሽ ድልድይ ጋ ሁልጊዜ የምናልፈው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስንት ጊዜ አልፈነው አንድ ቀን እንኳ አልወረድንም! ለካስ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ አይቶት ነው ነገሩ የተጀመረው። በ2024 ደግሞ ባልጪት ከምትባለው ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ተናጋሪዋ ወጣት ተመራማሪ ናት። ገና 700,000 ዓመት የሆነውን የልጆች ዱካ በፕሮጀክተር ማሳየት ስትጀምር መብራት ድርግም አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። መስኮቶቹን አስከፍታ ከቦርሳዋ አንድ ጥቁር ድንጋይ አወጣች። ከቅርሱ ቦታ የተነሳ አይደለም፣ ከዚያ ጠጠር ማንሳት ክልክል ነው አለች። ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ በሌላ ድንጋይ ጠርዙን መታችው። ቀጭን ስባሪ ወደቀ። ወደ ብርሃኑ አነሳችው፤ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ የጫማ ቆዳ ቁራጭ ይዛ ሸረከተችው። ምላጭ እንዲህ አይቆርጥም!

«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ባልጩት!» አሉ ከኋላ ያሉት እናቶች አንድ ላይ።

እዚያው መልካ ቁንጡሬ፣ ሲምቢሮ በሚባለው ቁፋሮ ከዚሁ ድንጋይ የተሠሩ ከ500 በላይ የእጅ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው 1.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «የቦታው ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ካልሽ ብርዱን ምን ለብሰው ቻሉት?» አሉ። የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ እሱ ነበር። ቆዳ ይሆናል፣ ግን ቆዳ ይበሰብሳል፣ የሚቀረው ድንጋዩ ነው አለች። ቀጥላም በዚያ አካባቢ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት ይሠሩ እንደነበር ነገረችን። ከእነሱ እጅ ተመራማሪዎች ብዙ ተምረዋል አለች።

እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

አባትህ፣ አባባ፣ ከጓሯችሁ ሆነው መጡብኝ። ቆዳው በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ያቺ በሙጫ የተያዘች ጥቁር ድንጋይ ቀር ቀር ስትል። ስለቷ ሲዶለዱም በብረት ጫፏን ቀጨት ቀጨት ያደርጓታል፤ ስብርባሪው እግራቸው ሥር ይረግፋል። «ባዶ እግራችሁን አትምጡ!» ይሉን ነበር። አስታወስክ?

ትምህርት ቤት ደግሞ «የፋቂ ልጅ» ሲሉህ። እኔ አላልኩም። ግን ከሳቁት ጋር ስቄያለሁ። አንተም አይተኸኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ጓሮው ስንጫወት በሩን መዝጋት ጀመርክ፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። አባባ ሲያርፉም ለቅሶ አልደረስኩም። ሥራ ነው አልኩ ለራሴ። ሥራ አልነበረም፤ ምን ብዬ ዓይንህን እንደማይ አላወቅኩም። ስድስቱ ዓመት እንዲህ ነው የሄደው። ይቅር በለኝ።

ንግግሩ ሲያልቅ ለጸሐፊው፣ ባልጩት ሲጠቀሙ ያየኋቸው አንድ አባት ነበሩ አልኳቸው። ልጅቷ ሰምታ ሮጣ መጣች። እጀታው ከምን እንጨት ነው? ድንጋዩንስ ከየት ያመጡ ነበር? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። እዚያው ጓሮ አድጌ!

በሚቀጥለው ወር እድሩ ሚኒባስ ተከራይቶ መልካ ቁንጡሬ ይሄዳል። ሙዚየሙንም እናያለን። በስምህ አንድ ወንበር አስይዣለሁ፣ ከፍያለሁም፤ ከሐዋሳ ቅዳሜ ብትነሳ እኛ ጋ ታድራለህ። ባለቤቴ ከአሁኑ ስለ ዶሮው እያወራች ነው።

እና ያ የቆዳ መፋቂያ፣ የአባባ፣ አሁንም አንተ ጋ አለ? ካለ በጨርቅ ጠቅልለህ ይዘኸው ና። ከጣልከውም ግድ የለም፣ አንተ ብቻ ና።

አብሮ አደግህ፣ ከፉሪ