ወረቀቱን አትምረጡ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢያችሁ የጻፈው ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። አያቱ ጠበቃ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸውም የተወለዱበትን አካባቢ ታሪክ ይጽፉ ነበር። ሲያርፉ ሁለት ሳጥን ሙሉ ወረቀት ተገኘ። ደብዳቤ፣ የክስ ዶሴ፣ የዘር ሐረግ፣ ተጀምሮ የቀረ ረቂቅ። ቤተሰቡ ሁሉንም ለቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ ተስማምቷል። መጀመሪያ ግን የቤት ገመና የሆነውን ለቅሞ ሊያቃጥል ነው።

እባካችሁ አታቃጥሉ። ለምን እንደምል ለማስረዳት የማላከብረውን ሰው ላንሳ። እኔ የምኖረው ሰሜን ካሮላይና ነው። ሰውየውም የዚሁ አገር ጠበቃ ነበር፤ የአካባቢ ታሪክም ጽፏል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አልፍሬድ ሙር ዋዴል ይባላል። በ1834 ሂልስቦሮ ተወለደ። ሕግ ተምሮ ዊልሚንግተን በምትባለው የወደብ ከተማ ጥብቅና ያዘ። ጥቂት ጊዜ ጋዜጣ አዘጋጅቷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡብ ግዛቶቹ ጋር ወግኖ የፈረሰኛ ሌተና ኮሎኔል ሆነ፤ "ኮሎኔል" የምትለዋ ማዕረግም እስኪሞት ከስሙ አልተለየችም። ከ1871 እስከ 1879 ዋሽንግተን የሕዝብ ተወካይ ነበር። የዘር ሐረግ መቁጠር ይወድ ነበር፤ በ1890 ስለ ቅድመ አያቱ፣ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመኑ መኮንን፣ አንድ መጽሐፍ አሳተመ።

እዚህ ድረስ ደህና ሰው ይመስላል። ችግሩ 1898 ነው።

ያኔ ዊልሚንግተን ውስጥ ከነጮቹ ጥቁሮቹ ይበዙ ነበር። በከተማው ምክር ቤት፣ በፖሊስና በጉምሩክ ሳይቀር ጥቁሮች ቦታ ነበራቸው። ይህን ያልወደዱ ነጮች ዘመቻ ጀመሩ። ፖለቲካው ረስቶት የነበረው ዋዴልም ምላሱን ይዞ ብቅ አለ። በጥቅምት ወር በከተማው ቴአትር ቤት ባደረገው ንግግር የኬፕ ፊርን ወንዝ በሬሳ እንሞላዋለን እስከማለት ደረሰ። ከምርጫው ማግስት፣ ኖቬምበር 9፣ በፍርድ ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበው "የነጮች የነፃነት መግለጫ" አወጡ። አንባቢው እሱው ነበር። ከዚያ 32 የታወቁ ጥቁሮችን ጠርተው፣ አሌክሳንደር ማንሊ የሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ አዘጋጅ ማተሚያውን ይዞ ከተማውን እንዲለቅ፣ መልሳችሁም ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ዋዴል ቤት ይድረስ አሏቸው።

እዚህ ላይ አንዲት ወረቀት አለች፣ ባሰብኳት ቁጥር ሆዴን የምትበላኝ። ሰዎቹ መልሱን ጻፉ። በማንሊ ላይ ሥልጣን የለንም፣ ግን የምንችለውን ተሰሚነት እንጠቀማለን የሚል ለስለስ ያለ ቃል ነው። በእጅ እንዲያደርስ የተላከው አርመንድ ስኮት የሚባል ወጣት ጥቁር ጠበቃ ነበር። መንገዱን የታጠቁ ሰዎች ይዘውታል። ፈራ፤ ማን አይፈራም? ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አስገባው። በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ዋዴልም መልስ አላገኘሁም ብሎ የታጠቀውን ሕዝብ እየመራ ሄዶ የማንሊ ማተሚያ የነበረበት ቤት ጋየ። በሰዓቱ ቢደርስስ ኖሮ? የሚተዉ አይመስለኝም።

በዚያ ቀን ስንት ጥቁር እንደተገደለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ከአሥራዎቹ እስከ መቶዎች ይገመታል። ብዙዎች ወደ ረግረጉና ወደ ጫካው ሸሹ። ከሰዓት በኋላ የከተማው ከንቲባና ምክር ቤቱ በጠመንጃ ፊት ሥልጣን ለቀቁ። አዲሱ ከንቲባ ማን ሆነ? ዋዴል።

ወዲያው ብዕሩን አነሳ። በዚያው ወር መጨረሻ በኮሊየርስ መጽሔት ላይ ነገሩን በራሱ አፍ ተረከው። በሱ አተራረክ ሥልጣኑ የተላለፈው በሕጉ መሠረት ነው። ጠበቃ አይደል! በ1909 ደግሞ የዊልሚንግተን አካባቢን ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። ከ1723 ይጀምርና 1800 ላይ ይቆማል። የመጀመሪያ ክፍል ነው የተባለው፤ ሁለተኛው አልወጣም። በ1912 ሞተ። የከተማውን ታሪክ ከማንም በላይ በእጁ የለወጠ ሰው፣ ታሪኩን ሲጽፍ እጁ ሳይታይ አለቀ።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ። የዋዴል ወረቀቶች ዛሬ ቻፕል ሂል በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ዊልሰን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። የደቡብ ታሪክ ስብስብ የሚባለው ክፍል በ1930 የተቋቋመ ነው። ያቋቋመው ሃሚልተን የተባለ የታሪክ መምህር በመኪናው ደቡብን እያካለለ ከየትልልቁ ቤት ጣሪያ ሥር ሳጥን ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ራሱም ቢሆን የነጮቹን ወገን የሚያሞግስ ታሪክ ጽፏል። የለቀመው ወረቀት ግን የጻፈውን አይሰማለትም።

ከዋዴል ወረቀቶች መካከል አንድ የቤተሰብ ደብዳቤ አለ። ጸሐፊዋ ርብቃ ካሜረን ትባላለች፤ ሂልስቦሮ የምትኖር የሥጋ ዘመዱ ናት። ቀኑ ኦክቶበር 26፣ 1898 ነው። ከግድያው ሁለት ሳምንት በፊት ማለት ነው። የሰሜን ካሮላይና ወንዶች ዝም ማለታቸው አሳፍሮናል፣ ነጮቹና ጠመንጃቸው የት ገቡ ስትል ትጠይቃለች። ለግዛቱ ጤና ደም መፍሰስ አለበትም ትላለች። ይህን የጻፈችው ለአደባባይ አይደለም። ለዘመዷ ነው፣ ሰው ቡና ላይ እንደሚያወራው።

ወራሾቹ ገመና እንልቀም ቢሉ ኖሮ መጀመሪያ እሳት የምትገባው ይህች ደብዳቤ ነበረች። ንግግሮቹ ይቀሩ ነበር። የዘር ሐረጉ ይቀር ነበር። እኛም መጽሔቱ ላይ ያለውን እያነበብን ድንገት የተነሳ ግርግር ነው እንል ነበር፤ ለመቶ ዓመት ያህልም እንዲሁ ሲባል ኖሯል። የግዛቱ ምክር ቤት በ2000 አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ በ2006 ሪፖርቱ ሲወጣ ግን አስቀድሞ የታቀደ እንደነበር በግልጽ ተጻፈ። ታሪክ ጸሐፊዎችም የርብቃን ደብዳቤ ደጋግመው ይጠቅሳሉ።

የሌላው ወገን ሳጥንስ? ማንሊ ነፍሱን ይዞ ሸሸ፤ ማተሚያው ነደደ። ከጋዜጣው የተረፉት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱንም አሰባስቦ በማንበብ የዊልሚንግተን ተማሪዎች ሳይቀሩ ተሳትፈዋል። ሚስቱ ካሪ ማንሊ በ1950ዎቹ፣ በስተርጅና፣ የሆነውን ለልጆቿ በደብዳቤ ጻፈችላቸው። ደብዳቤዎቹ ዛሬ ኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከማስታወስ የተጻፉ ናቸው። የአንዱ ወገን ወረቀት ከነፖስታው ተቀምጦ፣ የሌላው ከእናት ትዝታ ሲለቀም ማየት ያናድዳል። ለዚህ ነው የጠበቃውን ወረቀት ለቤተሰቡ ክብር ሲባል ማራገፍ የማይዋጥልኝ። ያለው ወረቀት ያው የሱ ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉውን ይናገር እንጂ።

ለአንባቢያችሁ ያን ያህል ከባድ ነገር አያቱ ሳጥን ውስጥ አለ እያልኩ አይደለም። ምናልባት አንድ የፍቅር ደብዳቤ፣ አንድ የርስት ጠብ ይሆናል። ስጋቱም ይገባኛል፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ይኖራል። ግን መላ አለው። ሲያስረክቡ ይህ ፋይል ለ20 ወይም ለ30 ዓመት አይከፈት ብሎ ውል መግባት ይቻላል፤ ቤተ መዛግብት ይህን ለምደውታል። የደንበኞች ዶሴ ለብቻው ነው። ጠበቃ ቢሞትም የደንበኛው ምስጢር አይሞትምና፣ ሳይነኩት የሕግ ሰው ማማከር ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ወረቀቱን በዓመት ወይም በፊደል ተራ ላደራጅ አትበሉ። አያታችሁ ከምን ጋር ምን እንዳስቀመጡ ራሱ ይናገራል። ፖስታውን ከደብዳቤው አትለዩ፤ ቀኑ ያለው ብዙ ጊዜ ማኅተሙ ላይ ነው። ያሰሩበትን ላስቲክ ግን ፍቱት። ሲደርቅ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ራሊ፣ ሰሜን ካሮላይና